የመኪና ኮምፒውተር ሪማፕ፦ ሃይሉክሴን ሁለት ቦታ ወስጄ ያየሁት

ይሄን ልፅፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ ስንፍና ነው የያዘኝ። ሰሞኑን ግን "ጉልበት ጨምር ነዳጅ ቀንስ በ20 ደቂቃ" የሚል ማስታወቂያ ስልኬ ላይ በቀን ሶስቴ እየመጣ ሲያናድደኝ በቃ ልናገር አልኩ። ሪማፕ የሚሉት የመኪናውን ኮምፒውተር ፋይል ማለትም ፕሮግራሙን ቀይሮ ጉልበት መጨመር ነው። እኔ በዚ ነገር ብርም ከፍያለሁ፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ጋቢና ተኝቼ አድሬበታለሁም። አሰራሁባቸው ሁለት ቦታዎች ናቸው፣ የመጀመሪያውን ስም አልጠራም፣ ሁለተኛውንም አልጠራም ምክንያቱም ማስታወቂያ ሰራ እንዳትሉኝ።

መኪናዬ 2.5 ናፍጣ ሃይሉክስ ነው፣ 2ኬዲ የሚሉት ሞተር፣ ቱርቦ (አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚገፋው) አለው ኢንተርኩለር (ያንን አየር የሚያበርደው) ግን የለውም፣ ወረቀቱ ላይ 102 የፈረስ ጉልበት ይላል። ከተማ ውስጥ ባዶውን ምንም አይልም። ችግሩ እኔ በወር አንዴ አንዳንዴም ሁለቴ ደብረ ማርቆስ ስለምመላለስ ስመለስ ጤፍ እጭናለሁ፣ እና የዓባይን ድልድይ አልፎ ወደ ጎሃፅዮን ያለውን ዳገት ሲይዝ በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ነው ሚወጣው። ሲኖትራክ ከኋላዬ ሆኖ ጥሩምባ ነፍቶብኝ ያውቃል፣ ሲኖትራክ! ከዛን ቀን በኋላ ነው ይሄ መኪና አንድ ነገር ይደረግለት ያልኩት።

የመጀመሪያው ቦታ ልጁ ጨዋታ ያውቃል፣ "ብሮ ችግር የለውም 102ቷን 140 እናደርጋታለን" አለኝ። እኔ የሱን እጥፍ እድሜ አለኝ ብሮ ያልኩት የለም ግን ደስ ብሎኝ ሳቅኩ። ላፕቶፑን አወጣ፣ ከመሪው ስር ያለችው ሶኬት ላይ ገመዱን ሰካ፣ ስልኩን እያየ ቆየ፣ ጨረሰ። ኮፈን አልከፈተም። ስንት ኪሎሜትር ሄዷል አላለኝም፣ ዘይት መቼ ቀየርክ፣ ጭስ አለው ወይ፣ ምን ትጭናለህ፣ የት ነው ምትነዳው፣ ምንም። ዋጋው የአንድ ጥሩ ጎማ ያህል ነበር፣ ከፍዬ ወጣሁ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ አብጄ ነበር። እንጦጦን በሶስተኛ ወጣሁት። ሚስቴን ቤት ድረስ ሄጄ ነይ ልንዳሽ ብዬ ይዣት ዞርኩ (እሷ "ምን ተለወጠ?" አለችኝ፣ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ)። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ከኋላ ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረ፣ መስታወት ላይ ሳይ ከኋላዬ ያለው ሰው ጠፍቷል። ደወልኩለት፣ "ብሮ እሱ የጉልበት ጭስ ነው" አለኝ። የጉልበት ጭስ የሚባል ነገር የለም ወገኖቼ። ጥቁር ጭስ ማለት አየር አጥቶ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፣ በብርህ የገዛኸው ናፍጣ።

ከዛ ያው ማርቆስ ሄድኩ፣ 12 ኩንታል ጭኜ ስመለስ (አውቃለሁ በዝቷል አትጩሁብኝ) ድልድዩን አልፌ ግማሽ ዳገት ላይ የሙቀቱ መርፌ ተነሳ፣ ቼክ ኢንጅን በራ፣ መኪናው በቃ ሞተ። ጠፋ ማለቴ አይደለም፣ ይሰራል ግን ፔዳሉን ብትረግጠው ብትረግጠው አይሰማም። ሊምፕ ሞድ ይሉታል፣ ኮምፒውተሩ አደጋ ሲያይ ሞተሩን ለማትረፍ ጉልበት ይነሳሃል። መሸ፣ ዳር አስይዤ እዛው አደርኩ። ጠዋት አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቆሞ ጭሱን አይቶ "አባቴ ይሄ መኪና ናፍጣ እየጠጣ ነው ወይስ እየተፋ ነው?" አለኝ። ግማሹን ጤፍ በሱ መኪና ጭኖልኝ ነው አዲስ አበባ የገባሁት፣ እግዜር ይስጠው።

ለምን እንደዚ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ፣ ይሄን ክፍል ታግሳችሁ አንብቡት ምክንያቱም አዲስ አበባ ለሚነዳ ሰው ዋናው ነገር እዚ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ባህር ዳርቻ ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ከሆነ እዚ ወደ 77 ገደማ ነው። ማለትም ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ወደ ሩብ የሚጠጋ ጎድሎበታል። ቱርቦ የሌላት ቪትዝ ወይም ዲዛየር ከሆነች ያ ሩብ በቃ የለም፣ ማንም ላፕቶፕ ይዞ ቢመጣ አየር አይጭንላትም። "የከፍታ ፋይል አለን" የሚሉ አሉ፣ ሳቅ ነው የሚመጣብኝ፣ ከመኪናው ጋር የመጣው ኮምፒውተር እኮ አየሩን የሚለካ ሴንሰር አለው፣ ከፍታውን አይቶ ነዳጁን ራሱ ይቀንሳል፣ ከሶደሬ ወደ አዲስ አበባ ስትወጣ አንዳች ሳትነካ የሚሄደው ለምን ይመስልሃል። የድሮ ካርቡሬተር መኪና ነበር በካቻቢቴ ሚስተካከለው።

ቱርቦ ያለው ደሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቱርቦው የጎደለውን አየር በግድ ያስገባል፣ ጥሩ። ግን ስሌቱን ተመልከቱ፣ ሞተሩ ውስጥ 200 ኪሎፓስካል እንዲገባ ከተፈለገ ባህር ዳርቻ ላይ ቱርቦው አየሩን 2 እጥፍ ቢያደርገው ይበቃዋል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 200 ለ77 ሲካፈል 2.6 እጥፍ ማድረግ አለበት። ስለዚ ቱርቦው ገና ሳትነካው እዚ በብዙ ዙር ነው የሚሽከረከረው፣ አየሩንም ይበልጥ ያግለዋል፣ የኔው ደሞ ኢንተርኩለር ስለሌለው ያ የጋለ አየር ሳይበርድ ነው ቀጥ ብሎ ሚገባው። አሁን አስቡት፣ ልጁ የጫነብኝ ፋይል ከውጪ በኢንተርኔት የተገዛ ነው፣ ሜዳ ላይ፣ ቀዝቃዛ አገር፣ ባህር አጠገብ ላለ መኪና የተሰራ። ናፍጣውን ጨመረ፣ አየሩ አልተከተለም። ናፍጣ ሞተር ላይ ነዳጅ በዝቶ አየር ሲያንስ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፣ ፒስተን ደሞ አሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ቀሪውን ራሳችሁ ጨርሱት።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ካርታ የሚሉት ነገር አለ፣ በዚ ዙር በዚ ፔዳል ይሄን ያህል ናፍጣ፣ ይሄን ያህል የቱርቦ ግፊት፣ ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር በዚች ሰዓት ይክፈት የሚል ሰንጠረዥ ነው። ከነሱ አንዱ የጭስ ገደብ ነው፣ አየሩን አይቶ ከዚ በላይ ናፍጣ አትስጥ የሚል። ሰነፍ ሰራተኛ ሌላውን ሁሉ ትቶ እሷን ገደብ ያነሳታል፣ ፔዳሉን ስትረግጥ ወዲያው ይሰማሃል፣ ትደሰታለህ፣ ትከፍላለህ። የኔውን ሁለተኛው ቦታ ሲከፍተው ያገኘው ያንኑ ነው።

ሁለተኛውን ቦታ የጠቆመኝ የጋራዥ ሰው ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ ጠባብ ቤት፣ ምልክት እንኳን የለውም። ባለቤቱ ዝምተኛ ነው፣ ሰላምታ ካልሰጠኸው አይሰጥህም። መኪናውን አይቶ ስካነር ሰክቶ ትንሽ ቆይቶ "ጋሼ ዛሬ ምንም አልጭንሎትም" አለኝ። ለምን ስለው ስክሪኑን አዞረልኝ፣ 4ቱ ኢንጀክተር ጎን ለጎን ቁጥር አለ፣ ሁለቱ ከሌሎቹ ርቀዋል። ኮምፒውተሩ የደከመውን ኢንጀክተር እየደጎመ ነበር እስካሁን የነዳሁት። በዛ ላይ ነው የመጀመሪያው ልጅ ናፍጣ የጨመረበት።

ከዛ ተራ በተራ ወጣ። ከቱርቦው የሚሄደው ጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል፣ የቱርቦውን አየር ያፈሳል። ግፊት የሚለካው ሴንሰር በጥላሸት ተደፍኗል። ኢንጀክተሮቹ ስር ያለችው የመዳብ ዋሸር ታፈሳለች፣ ይሄኛው 2ኬዲና ታላቅ ወንድሙ 1ኬዲ ላይ የታወቀ በሽታ ነው፣ ሃይሉክስም ፕራዶም የያዛችሁ ስሙኝ፣ ዋሸሯ ስታፈስ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል፣ ከታች ዘይት የሚስበው ወንፊት ይደፈናል፣ ከዛ ሞተርህ አንድ ቀን ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቆማል ማለት ነው። የኔውን ኮፓ (ከታች ያለውን የዘይት መያዣ) አውርደው ሲያዩት ወንፊቱ ግማሹ ተይዟል። ማለት ዓባይ በረሃ ላይ መቆሜ እድል ነው።

ሌላ ጉድ ደሞ ኦሪጅናል ፋይሌ የለም። የመጀመሪያው ልጅ ሳያነብ ነው የፃፈበት። አንዳንድ ኮምፒውተር በሶኬቱ በኩል መፃፍ ይፈቅዳል ማንበብ አይፈቅድም፣ ለማንበብ ሳጥኑን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ መክፈት ይጠይቃል፣ ያ ደሞ ጊዜ ነው ስለዚ ዘለለው። ደውዬ ጠየቅኩት፣ "ብሮ ፋይሉ ሰርቨር ላይ አለ" አለኝ፣ የትኛው ሰርቨር ስለው ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ሁለተኛም አላነሳም። ሁለተኛው ሰውዬ ኮምፒውተሩ ላይ የተለጠፈችውን ቁጥር አይቶ ተመሳሳዩን ከራሱ ማህደር አገኘ፣ ተመስገን። ባያገኝ ኖሮ ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተህ ትገጥማለህ ማለት ነው፣ እሱም ደሞ ቁልፍህን አያውቀውም፣ ኢሞቢላይዘሩን (ቁልፉን የሚለየውን ክፍል) ማስማማት ሌላ ወጪ ሌላ ቀን።

ሲፅፍ ያየሁት ነገር ደሞ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ ከመኪናው ባትሪ ጋር ሁለተኛ ባትሪ አገናኘ። ቻርጀር ለምን አትሰካም ስለው "መብራት ቢሄድስ?" አለኝ። አሁን ይሄ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው መልስ ነው። ኮምፒውተሩ እየተፃፈበት መሃል ላይ ቮልቴጅ ከወረደ ወይ ገመድ ቢነቀል ግማሽ ፋይል ይዞ ይቀራል፣ መኪናው ላይነሳ ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ ራዲዮ ከፍቶ ነበር የፃፈብኝ፣ ሬዲዮ!

ጥገናው ሲያልቅ ኦሪጅናሉን መልሶ "ሂዱና 2 ሳምንት ይንዱት" አለኝ። ነዳሁት። እና ማመን አቃተኝ፣ ምንም ሳይጨመርበት ያ መኪና ሌላ መኪና ነው። ጉልበት ያነሰው ቶዮታ አሳንሶ ስለሰራው አልነበረም፣ እኔ ስላልያዝኩት ነው። ከፈለግኩት ለውጥ ከግማሽ በላይ የመጣው ከኢንጀክተር፣ ከቱቦና ከፅዳት ነው። እዚ ላይ ብተወውም ይበቃኝ ነበር ግን ያው ሰው ነኝ ተመልሼ ሄድኩ።

ሪማፑን ሲሰራ ግማሽ ቀን ፈጀ። ላፕቶፑን ሰክቶ አብሮኝ ዳገት ወጣ፣ እየነዳሁ እሱ የቱርቦ ግፊትና የናፍጣ መጠን እየመዘገበ፣ ተመልሶ ትንሽ ይቀይራል፣ ደግመን እንወጣለን። 140 ታደርግልኛለህ ወይ ስለው ፊቱን አጨፈገገ። ያው 2ኬዲ ሞተር 144 የሆነበት ሃይሉክስ አለ፣ ልክ ነው፣ እሱ ግን ኢንተርኩለር አለው፣ ቱርቦውም ሌላ ነው፣ ልዩነቱ ብረት ነው ሶፍትዌር ብቻ አይደለም። የኔው ላይ ጥቂት ነው የጨመረው፣ ስንት እንደሆነ ቁጥር አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም ምክንያቱም ጉልበት የሚለካው ዳይኖ ማሽን ላይ ሳይወጣ የፈረስ ጉልበት የሚጠራልህ ሰው እየገመተ ነው። ባጠቃላይ ጤነኛ ቱርቦ ናፍጣ ላይ ከ20 እስከ 30 ፐርሰንት ማግኘት የተለመደ ነው ይባላል፣ እኔ እዚ ከፍታ ላይ ኢንተርኩለር በሌለው መኪና እሱን አልመኝም።

አሁን ያ ዳገት በሶስተኛ ይሄዳል፣ ጭነቱንም ወደ 8 ኩንታል አውርጃለሁ (እሱም ረድቷል መቼም)። ጭስ የለም። ነዳጅን በተመለከተ ሞልቼ ሄጄ መልሼ እየሞላሁ ነው የለካሁት፣ ጥገናው ሳይደረግ በሊትር 9 ኪሎሜትር ገደማ ነበር፣ ከጥገናው በኋላ 10.5፣ ከሪማፑ በኋላ 10.8። አያችሁ ቆጣቢው ማን እንደሆነ። ዳሽቦርድ ላይ ፍጆታ የሚያሳይ መኪና ያላችሁ ደሞ ከሪማፕ በኋላ ያንን ቁጥር አትመኑት፣ እሱ ኮምፒውተሩ "ይሄን ያህል ረጨሁ" ብሎ የሚያስበውን ነው የሚደምረው፣ ሰውዬው ደሞ የነካው ያንኑ ሀሳብ ነው። ማደያ ላይ ብቻ ነው እውነቱ።

ቅሬታም አለኝ ሁለተኛው ቦታ ላይ። ውድ ነው፣ ያኛውን 3 እጥፍ ከፍያለሁ ጥገናውን ሳይጨምር። ወረፋው ይገድላል። መቀመጫው ፀሃይ ላይ ያለች አንድ ፕላስቲክ ወንበር ናት፣ እሷንም ድመት ይዟታል። የሰራውን በወረቀት ስጠኝ ስለው ሶስቴ ነው ያስለመነኝ፣ በመጨረሻ ኦሪጅናሉንም አዲሱንም ፋይል ፍላሽ ላይ አድርጎ ሰጠኝ፣ መኪናውን ስሸጥ ለገዢው እሰጠዋለሁ። ከ5 ለሱ 4 እሰጠዋለሁ፣ ለመጀመሪያው ዜሮ ስለማይቻል 1።

ፍሪሲዮን ደሞ አትርሱ። ጉልበቱ ሲጨምር የሚሸከመው እሱ ነው፣ ያረጀ ፍሪሲዮን ያለው መኪና ሪማፕ አድርጎ ጭኖ ዳገት ከወጣ ሽታው ሳይቆይ ይመጣል። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያላችሁ ደሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፣ እሱ ሲሄድ ዋጋው የሚያስለቅስ ነው።

ሶኬቱ ላይ የምትሰካ መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ሳጥን በርካሽ የሚሸጡ አሉ፣ ነዳጅ ቆጣቢ ቺፕ ብለው። ከፍተው ያዩዋት ሰዎች ውስጧ መብራት የምታበራ ነገር እንጂ ከመኪናው ጋር የምታወራበት ምንም አላገኙባትም። የፔዳል ሳጥን የሚሉት ሌላ ነው፣ እሱ ይሰራል ግን ጉልበት አይጨምርም፣ ትንሽ ስትረግጥ ብዙ እንደረገጥክ ለኮምፒውተሩ ይዋሽለታል፣ በቃ ራስህ ጠንከር አድርገህ ብትረግጥ ያው ነው።

ዲፒኤፍ ማለትም የጥላሸት ማጣሪያ ያለው አዲስ ናፍጣ መኪና የያዛችሁ "እናጥፋልህ" የሚሏችሁ ብዙ ናቸው። ከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ ሲነዳ ሞቆ ራሱን ማቃጠል ስለማይችል ይደፈናል፣ እውነት ነው ያማርራል። ግን መጀመሪያ ረጅም መንገድ በደንብ ንዱት፣ ካልሆነ በስካነር እንዲያቃጥሉት አድርጉ። ሲያጠፉት ጥላሸቱ የትም አይሄድም፣ ልጆቻችን ናቸው የሚተነፍሱት። ፎክስዋገንን የሚያህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 የተያዘው እኮ በዚችው በኮምፒውተር ፋይል ነው፣ ምርመራ ላይ ንፁህ መንገድ ላይ ቆሻሻ እንዲሆን ተፅፎ፣ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪና። አሜሪካ ያላችሁ ደሞ የጭስ መቆጣጠሪያ መንካት በፌዴራል ህግ የተከለከለ ነው፣ ጋራንቲውም አለ፣ ወኪሉ ጋር ስትገቡ ኮምፒውተሩ ላይ የተፃፈው ነገር ይታያቸዋል።

ዴንቨር ያለ የአክስቴ ልጅ ቤንዚን ቱርቦ መኪና ይዟል፣ እዛ ማደያ ላይ 85 ኦክቴን (ቁጥሩ ሲያንስ ሞተር ቶሎ ያንኳኳል) አለ ሌላ ቦታ ትንሹ 87 ሲሆን፣ ከተማዋ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው ሞተሩ አያንኳኳም ብለው። እሱ ሪማፕ አሰርቶ 85 እየሞላ ነበር፣ ቱርቦው አየሩን መልሶ እንደሚሞላው ማን ይንገረው። የኛን ቤንዚን ኦክቴን ምርጫ ስለሌለን ቤንዚን ቱርቦ ላይ ጠበቅ ያለ ፋይል የሚጭን ሰው ካገኛችሁ ምን ዓይነት ቤንዚን አስቦ እንደሰራው ጠይቁት፣ ካልመለሰ ውጡ።

እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ነው ሚያኖረን፣ ሞተር ቢነክስ ዋጋው ምን እንደሆነ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የሚስቴ ወንድም ይሄን ሁሉ ሰምቶ ቪትዙን ይዞ ሁለተኛው ሰውዬ ጋር ሄደ፣ እኔን ሳይነግረኝ። ሰውዬው አየር ፊልትሮውን አውጥቶ መሬት ላይ ሲያንኳኳው ግማሽ ኪሎ አፈር ወጣ፣ አዲስ አስገዛው፣ ካንዴላ አስቀየረው፣ የአየር መግቢያውን አፀዳለት፣ ላፕቶፕ ሳይነካ የእጅ ዋጋ ብቻ ተቀብሎ ሸኘው። ልጁ አሁን ሰፈር ውስጥ ለሚያገኘው ሁሉ ሪማፕ አሰርቻለሁ እያለ ነው፣ ባለፈው እሁድ እኔንም "አንተ ስንት ከፈልክ?" አለኝ።